የመኝታ ቤቱ ሽቦ

ሰኞ

ይኸው ደግሞ ጠፋ። የቤት ሥራዬን አያይዤ ልልከው ስል ሞደሙ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም አለችና ጭልም። ሞደሙን አጠፋሁት፣ አበራሁት። ሽቦውን ነቅዬ ጫፉን በአፌ ነፋሁበት፣ መልሼ ሰካሁት። ከጠረጴዛው አንስቼ መስኮቱ ላይ፣ ከመስኮቱ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጥኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ተስፋ ቆርጬ ሻይ ልጥድ ስነሳ በራሱ ጊዜ ተመልሶ መጣ። ፋይሉን እንደገና ስጭን ግማሽ ላይ ቀጥ አለ።

ይህን መስመር ያስገባሁት ለርቀት ትምህርቴ ነው። ቀን ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ማታ ደግሞ እኔው ተማሪ ነኝ። የመጨረሻው የቤት ሥራ እስከ እሁድ ማታ ካልደረሰ ኮርሱን እንደ አዲስ እጀምራለሁ። ኮሌጅ ሄጄ እንዳልልከው፣ እዚያ ያለውን ኢንተርኔት ተማሪው ተቀራምቶት አንድ ገጽ ለመክፈት እንኳ ጸሎት ይጠይቃል።

አስቴር ከራት በኋላ "ደክሞኛል" ብላ መኝታ ቤት ገባች፣ በሩንም ዘጋች። ድሮ እኔ ስሠራ ሚስቴ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ጋዜጣ ታነብ ነበር። ሰሞኑን በጊዜ መተኛት ጀምራለች። ቢሮው አድክሟት ይሆናል።

ማክሰኞ

የመስመር ሠራተኛው መጣ። እንጨቱ ላይ ወጣ፣ ነካካ፣ ወረደ።

"ዝናቡ ነው" አለኝ።

"ዛሬ ዝናብ የለም እኮ።"

"ትናንት ጥሏል አይደል?"

ጅማ ውስጥ ይህን መልስ ለማንም፣ ስለምንም ነገር መስጠት ይቻላል። ጫማው ጭቃ በጭቃ ነበርና ካልገባህ ብዬ አልለመንኩትም፤ ምንጣፉ አዲስ ነው። እሱም አልከፋውም።

እስካሁን የሞከርኩት፦

ማጥፋትና ማብራት።

ሌላ ሽቦ፣ ከኮሌጅ የተዋስኩት።

ሞደሙ እንዳይሞቅ ከሥሩ የጠርሙስ ክዳን ማስገባት።

አለመሳደብ። እሱም ለአንድ ምሽት ብቻ።

ከአጥሩ ማዶ የእትዬ ዘነበች ልጅ እዚያው ምሰሶ ላይ ከተንጠለጠለ መስመር ፊልም እያወረደ ያያል። ያው ዝናብ፣ ያው ምሰሶ፣ ያው በቾ ቦሬ ሰፈር። የሱ አይጠፋም። ዛሬ ማታ ሳቁ በመስኮት ሲገባ ብድግ ብዬ መጋረጃውን ጎተትኩት። በዚህ ዕድሜዬ የጎረምሳ ኢንተርኔት አስቀናኝ።

ረቡዕ

አስቴር ከተኛች በኋላ ነው የምጽፈው።

ከራት በኋላ አስቴር ገባች፣ ትንሽ ቆይቶ መስመሩ ጠፋ። ዛሬ ቴሌዎችን አልለቃቸውም ብዬ ብልሽት ላስመዘግብ ሳሎን ያለውን ስልክ አነሳሁ። የመደወያውን ድምፅ ስጠብቅ የወንድ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

"እንደገና" ይላል። "ቀስ ብለሽ። የሚያባርርሽ የለም።"

ከዚያ አስቴር ሳቀች። እንደዚያ ከሆዷ ስትስቅ መቼ እንደሰማኋት አላስታውስም። እጀታውን እንቁላል እንደማስቀምጥ ቀስ አድርጌ መለስኩት። ጣራው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ለካ በሩ ባይዘጋም ድምጿ አይሰማም ነበር።

ቁጭ ብዬ ሳስብ የኢንተርኔቱም ነገር ተገለጠልኝ። መስመሩ ሳሎን ሲገባ መጀመሪያ ስፕሊተር በሚሏት ትንሽ ነጭ ሳጥን ውስጥ ያልፋል፤ ስልኩንና ኢንተርኔቱን የምትለያየው እሷ ናት። አምና ክረምት አስቴር ወገቧን አሟት ስትተኛ፣ ለስልክ እየተነሳች እንዳትሰቃይ ብዬ ወደ መኝታ ቤት ሽቦ ዘረጋሁላት። የቀጠልኩት ግን መስኮቱ ላይ ነው፣ ከሳጥኗ በፊት። ስለዚህ መኝታ ቤት ያለው ስልክ በተነሳ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይወድቃል። ይህን ሁሉ ያደረግኩት በገዛ እጄ ነው፣ በፍቅር።

"ተኝተሻል?" ብዬ ስገባ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ "ልተኛ ነው" አለችኝ። ዓይኗ ግን የሚተኛ ሰው ዓይን አልነበረም።

ሐሙስ

እሷ ቢሮ እያለች ሞከርኩት። የመኝታ ቤቱን ስልክ አነሳሁ፤ መብራቷ ጠፋች። አስቀመጥኩት፤ ትንሽ ቆይታ በራች። አነሳሁ፣ ጠፋች። ምርመራው በዚሁ አለቀ። ሂርማታ ገበያ ወርጄ ሁለተኛ ሳጥን ገዛሁ። መሰካት የልጅ ሥራ ነው።

አልሰካሁትም። ኪሴ ውስጥ ነው።

ምክንያቱን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው። ብሰካው አስቴር መቼ እንደምታወራ አላውቅም። አሁን ግን መብራቷ ትነግረኛለች። ማታ መጽሐፍ ገልጬ ሞደሙን ሳይ አመሸሁ። ስትጠፋ ሰዓቴን አያለሁ፣ ስትበራ ደግሞ "ምን ተባብለው ተለያዩ" እያልኩ እብሰለሰላለሁ። ይህን ያህል ትኩር ብዬ ያየሁት ነገር በሕይወቴ የለም፣ የተማሪ ፈተናም ቢሆን።

አስቴር ልትታጠብ ስትወጣ ገብቼ የመኝታ ቤቱን ስልክ አነሳሁና የመጨረሻውን ቁጥር የሚደግመውን ቁልፍ ተጫንኩ። ወዲያው ተነሳ።

"ሄሎ፣ አስቱ? ምነው፣ ረሳሽው እንዴ?"

ዘጋሁት። አስቱ። እኔ ባሏ አስቱ ብያት አላውቅም።

አርብ

ክፍል ውስጥ ቀላል ስሌት ተሳሳትኩ፤ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በየመንገዱ የማገኘው ወንድ ሁሉ ስልክ የሚያወራ መሰለኝ። በሐሳቤ አንድ በአንድ መረመርኳቸው፦ የቢሮዋ ኃላፊ፤ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለው የድሮ አከራያችን፣ ባየችው ቁጥር "ጨዋ ሰው" የምትለው፤ ባለፈው ሠርግ ላይ ሁለት ጊዜ ያስጨፈራት የአክስቷ ልጅ ጓደኛ። ድምፁ የማንም አልመሰለኝም። ማንም አለመሆኑ ይበልጥ ከነከነኝ።

ራት ላይ ነገር ፈለግኩ። ወጡ ጨው በዛበት አልኩ፣ አልበዛበትም ነበር።

"ምን ሆነሃል?" አለችኝ።

"መስመሩ።"

"አሁንም አልተሠራም?"

"እሱ እንኳ የሚተኛው አንቺ ስትተኚ ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ። ሳህኖቹን አነሳሳች፣ ገባች፣ ዘጋች። ወንበሬን ወደ ሞደሙ አዞርኩ። መብራቷ ጠፋች።

ደሜ ፈላ። መሳቢያውን ከፍቼ ጉጠቱን አወጣሁ፣ ወንበር ላይ ቆሜ መስኮቱ ላይ ያለውን የራሴን ቅጥያ ቆረጥኩት። ቆርጬው ገና ሳልወርድ መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለችና ቀጥ ብላ በራች። መስመሩ እንደዚህ ጸድቶ አያውቅም። የቤት ሥራዬን ግን አልላክሁም፤ እዚያው ወንበር ላይ ጉጠት ይዤ ቆሜ ነበር፣ አስቴር በሩን ከፍታ "ስልኩ ሞተብኝ" ስትል።

ቅዳሜ

የትናንቱን ልጨርስ። ጉጠቱን አየች፣ ሽቦውን አየች።

"ቆረጥከው?"

"ማነው?" አልኳት።

እሷም ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። "ከድር ነው" አለች።

ከድርን አውቀዋለሁ። ከእሷ ጋር ቡናና ሻይ ልማት ጽሕፈት ቤት የሠራ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ወደ አሰንዳቦ የተዛወረ ሰው ነው። እዚህ ቤት መጥቶ ተጫውቷል፣ በሳቅ ገድሎናል፤ ድምፁን በስልክ ግን ሰምቼው አላውቅም። ቁጭ አለችና እጇ ላይ የያዘችውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ለቡድን መሪነት ተወዳድራለች። ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ፊት የዓመቱን ጋባሳ፣ ሪፖርቱን ማለት ነው፣ በኦሮምኛ ማቅረብ አለባት፤ ጥያቄውም በኦሮምኛ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፣ ኦሮምኛውን የለመደችው እዚህ መጥታ ነው፣ በየገበያው። ከድር ማታ ማታ በስልክ ያስነብባታል።

"እና እኔ ምን ሆኜ?" አልኩ። "ጅማ ተወልጄ፣ ከሰፈር ልጅ ጋር በኦሮምኛ እየተሰዳደብኩ ያደግኩ ሰው አጠገብሽ ቁጭ ብዬ፣ አሰንዳቦ ድረስ ትደውያለሽ?"

"አንተ አታስጨርሰኝም" አለች። "ገና አፌን ስከፍት ቀሪውን ትልልኛለህ። ከዚያ ደግሞ ወደ አማርኛ ትመልሰዋለህ። ትናንትና እንኳ ለሰፈሩ ጠባቂ በኦሮምኛ አንድ ነገር ልነግረው ስል አንተ ጨረስክልኝ።"

እውነት ነው፣ ጨርሼላታለሁ። ልረዳት ብዬ ነው።

"እሱስ?"

"እሱ ይጠብቀኛል።"

"አስቱ እያለ።"

"ቢሮ ሁሉም አስቱ ነው የሚለኝ" አለች። "አስቴር የምትለኝ አንተ ብቻ ነህ።"

ይህን ስሰማ ሊቀለኝ ይገባ ነበር። አልቀለለኝም። የፈራሁት ዓይነት ቢሆን ኖሮ እጮህ ነበር፣ ሽማግሌ እጠራ ነበር፣ ሰውም ያዝንልኝ ነበር። አሁን ማንን ልክሰስ? ሚስቴ ከሌላ ሰው ጋር ስትሳሳት አታፍርም፣ እኔ ፊት ስትሳሳት ታፍራለች። ይህን የት ሄጄ ነው የማመለክተው? ሌሊቱን ጀርባ ለጀርባ አደርን።

ዛሬ ጠዋት በተራ በተራ ቁርስ በላን። እሷ ወደ ገበያ ስትወጣ ሳሎን ያለው ስልክ ጮኸ።

"ጌታቸው፣ አካም ጂርታ? ከድር ነኝ። ትናንት በመሀል ተቋረጠብን፣ ወላሂ ሐሳብ ገባኝ። አስቱ ደህና ናት?"

አፌ ላይ የመጣው ብዙ ነበር። "ደህና ናት" አልኩ። "ዝናቡ ነው።"

"ኤዬ፣ እዚህም ጥሏል። ሰኞን አትፍሪ በልልኝ። ኢንሻአላህ ታልፋለች፣ ጎበዝ ናት እኮ።"

ጎበዝ መሆኗን ከሱ መስማቴ አንገበገበኝ። "ቶሌ፣ እነግራታለሁ" ብዬ ዘጋሁ። ስትመጣ ግን ነገርኳት፣ አንድም ቃል ሳልቀንስ። ፊቷ በራ። ያቺን ፈገግታ ያመጣሁት እኔ አይደለሁም፣ ተላላኪ ነበርኩ።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንበር ላይ ወጥቼ ሽቦውን ቀጠልኩት። አሁን ግን በሳጥኗ በኩል። ከሐሙስ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ስትንገላታ የነበረችውን ማለቴ ነው። አስቴር ከታች ወንበሩን ይዛልኝ ነበር። "አጥብቀሽ ያዢው" አልኳት።

ከምሳ በኋላ መኝታ ቤት ገብታ ደወለች። መብራቷ ንቅንቅ አላለችም። አሁን እያወራች ይሁን፣ ዝም ብላ ይሁን፣ ትሳቅ አትሳቅ፣ ከዚህ ወንበር ሆኜ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ይህ እንዲህ የሚከብድ አልመሰለኝም ነበር። ሦስት ጊዜ ተነስቼ ሦስት ጊዜ ቁጭ አልኩ። የሳሎኑን ስልክ ላንሳ ብዬ እጄን ዘረጋሁ፣ መለስኩ። በመጨረሻ የቤት ሥራዬን ጫንኩት፤ እሷ እያወራች ሄደ። "ደርሷል" የሚል መልእክት መጣ። ለማን ልንገር? ደስታዬን ለብቻዬ ቀመስኩት።

ሲመሻሽ ወረቀቷን ይዛ ወጣች፣ ፊት ለፊቴ ቆመች።

"ላንብብልህ?"

"አንብቢ።"

"ግን ዝም በል።"

"ዝም ብያለሁ።"

ጀመረች። የመጀመሪያውን ገጽ ያለ ችግር አለፈችው። አንድ ቦታ የጠበቀውን አላላችው፣ ሌላ ቦታ ያላላውን አጠበቀችው፣ እኔም ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ወረቀቱን አስቀመጠችና ኮሚቴው እንደሚጠይቃት ሆና በቃሏ መመለስ ያዘች። ገበሬዎቹ ቀዩን ቡና ከአረንጓዴው ሳይለዩ ለምን እንደሚለቅሙ ስታስረዳ ቃል ጠፋት። ቆመች። ዓይኗን ወደ ጣራው አነሳች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም።

ቃሉን አውቀዋለሁ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጉሮሮዬ ላይ መጥቶ ተቀምጧል። አስቴር አየችኝ፤ እንደምጨርስላት ጠብቃ ትከሻዋ ሰበር ሲል አየሁ። እጆቼን ከጭኔ ሥር አስገባሁ፣ ተቀመጥኩባቸው።

ከዚያ አገኘችው። እኔ ያሰብኩት የሰፈር ቃል ነበር፤ የእሷ የመሥሪያ ቤት ቃል ነው፣ የተሻለ ቃል። ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። ያው ቅናት ደረቴን ጫር አደረገኝ፣ አሁን ይህን ስጽፍም አልለቀቀኝም።

ጨርሳ ስትቀመጥ "እህ?" አለችኝ።

"ቃሉን አላውቀውም ነበር" አልኳት። "አስተምሪኝ።"

ሳቀች። እንደ ረቡዑ አይደለም፣ ትንሽ ነው፣ ግን ወደ እኔ ነበር።