አንድ እግር ጫማ ይሸጡ የነበሩት የእትዬ ግራ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ግራ ከአባታቸው ከቁልፍ ሠሪው እና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ፣ ጎርፉ ድልድዩን በወሰደበት ዓመት በክረምቱ መውጫ ተወለዱ። ዓመቱን በቁጥር የጻፈ ሰው አልነበረም። እናታቸው «ድልድዩ ሄዶ እሷ መጣች» ይሉ ነበር እንጂ ሌላ የልደት ማስረጃ የላቸውም። ስለዚህ ዕድሜያቸው ሥልሳ ሦስት ነው ብለን ስንጽፍ፣ አንድ ዓመት ወዲህም ወዲያም ቢል አትፍረዱብን። ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ሌላ ነው። ነገር ግን ካለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ወዲህ ባለቤታቸውም ሳይቀሩ የሚጠሯቸው በዚህኛው ነው። ራሳቸውም «ወረቀቱ ላይ ይኼንኑ ጻፍ፤ በሌላው ብትጠራኝ የሚያውቀኝ የለም» ስላሉ፣ ይህን ታሪክ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው አናጺው ቃላቸውን አክብሯል። እሱ ራሱ ግን እስከ መጨረሻው «እታለም» እያለ ነው የጠራቸው።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታተሉ። በሒሳብ ጎበዝ፣ በሥዕል ደካማ፣ የሰው ወሬ በመስማት ደግሞ ከክፍሉ አንደኛ ነበሩ። ከዚያም የስድስት ወር የታይፕ ሥልጠና ወስደው፣ በሃያ አንድ ዓመታቸው በአውቶቡስ መናኸሪያ የጠፋ ዕቃ ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ ከደረጃ ሥር ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ነበረች። መደርደሪያዋ ላይ ዣንጥላ፣ ጓንት፣ የሕፃን ጡጦ፣ በብርጭቆ የተቀመጠ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አንድ ጊዜም አንድ ክራንች ተገኝቷል። ባለ ክራንቹ ያለ ክራንች ከአውቶቡስ እንዴት እንደወረደ ለሃያ አምስት ዓመት ሲገርማቸው ኖረ።

በዚያች ክፍል የሰውን ልጅ አጠኑ ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ሰው ወርቁ ሲጠፋ ይናደዳል፤ የመነጽሩ ማሰሪያ ሲጠፋ ግን ያለቅሳል» ይሉ ነበር። ሌላው ሠራተኛ የተገኘውን ብቻ ሲመዘግብ፣ እርሳቸው ሰው ፈልጎ ያጣውን ጭምር በራሳቸው ደብተር ይጽፉ ነበር። ጡረታ ሳይደርስ አራት ደብተር ሞላ።

በሃያ አራት ዓመታቸው ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ባለቤታቸው በዚያው መናኸሪያ የአውቶቡስ መካኒክ ሲሆኑ፣ ጠፋብኝ ያሉትን ጥቁር ባርኔጣ ሊጠይቁ አራት ጊዜ ተመላልሰዋል። በአራተኛው ቀን እትዬ ግራ ከደብተራቸው ቀና ብለው «ጌታዬ፣ እርስዎ ባርኔጣ አድርገው አያውቁም» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ሠርግ ነው። በትዳራቸውም የመድኃኒት ባለሙያ የሆነችውን ሴት ልጃቸውንና የረጅም መንገድ ሹፌር የሆነውን ወንድ ልጃቸውን አፍርተዋል።

አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ክፍሉ ተዘጋና ወደ ቤት ተመለሱ። በሚቀጥለው ዓመት ልጃቸው ሞባይል ገዝታ ስትሰጣቸው፣ በኢንተርኔት ዕቃ ልሸጥ ነው አሉ። ታናሽ ወንድማቸው «እታለም፣ ይኼ ላም አለኝ በሰማይ ነው» ብሎ የሳቀባቸውን ሳቅ ዛሬ እዚህ ጽፎ ያምናል። ደግሞም በመጀመሪያው ዓመት የሳቀው በከንቱ አልነበረም። የሞባይል መሸፈኛ አስመጥተው፣ ከዘመድ በቀር ገዢ አላገኙም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ብቻውን ስድስት መሸፈኛ ነበረው፤ ሞባይሉ አንድ ነው።

ከዚያ ነው አሮጌዎቹን ደብተሮች ያወጡት። «ሁሉ የሚሸጠውን ለመሸጥ ሁሉን መብለጥ አለብኝ። ማንም የማይሸጠውን ለመሸጥ ግን አንድ የቸገረው ሰው ማግኘት ይበቃኛል» አሉ። በደብተሩ ገጽ እየሄዱ የዣንጥላ እጀታ፣ የመነጽር ማሰሪያ፣ የምርኩዝ ጫፍ ጎማ መሸጥ ጀመሩ። የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ የግማሽ ቀን ቢሮ ሆነ፤ ምሳ ሲደርስ ካርቶኑና ፕላስተሩ ወደ መስኮቱ ይገፋል። ክሊኒክ ወረፋ ላይ፣ ፀጉር ቤት፣ ሊፍት ውስጥ፣ የሚያማርር ሰው ካገኙ ጠጋ ብለው ይሰሙ ነበር። አብሯቸው ያለ ሰው ያማራሪውን ነገር ለማሳጠር ሲሞክር «ዝም በል፣ እያስተማረኝ ነው» ይሉታል።

ስማቸውን ያተረፈላቸው ግን ብልሃታቸው ሳይሆን ስሕተታቸው ነው። በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው በአንድ ጫማ ፋብሪካ ገጽ ላይ በጣም የረከሰ የቆዳ ጫማ አይተው ሁለት መቶ አርባ ፍሬ አዘዙ። ያዘዙበት ገጽ ፋብሪካው ለሱቅ መስታወት ማሳያ የሚሠራው የናሙና ገጽ መሆኑን አላስተዋሉም። ናሙና ደግሞ የሚሠራው በአንድ እግር ብቻ ነው። ካርቶኖቹ ሲመጡ ባለቤታቸው አንዱን ተጫምተው ሁለተኛውን ፈለጉ። ሌላ ሳጥን ከፈቱ፤ ግራ። ሌላ ከፈቱ፤ ግራ። ባልና ሚስት እየተያዩ እስከ መጨረሻው ካርቶን ድረስ ከፈቱና ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ፋብሪካውም «ናሙና አይመለስም» አለ።

ሳምንቱን ሙሉ አለቀሱ። በመጨረሻ ባለቤታቸው ሊያስቋቸው ብለው «እንግዲህ ግራ እግር ብቻ ያለው ሰው ፈልጊያ!» አሏቸው። እትዬ ግራ አልሳቁም። ብዕር አምጡ አሉ። በዚያው ቀን በገጻቸው ላይ «ግራ እግር ብቻ። ቀኙ የለም። አልጠፋም፤ ድሮም አልነበረም» ብለው ለጠፉ። መጀመሪያ የመጣው ሳቅና ፌዝ ነበር፤ ይህ ስምም የወጣላቸው ያኔ ነው። በዘጠነኛው ቀን አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ጻፉላቸው። «ቀኝ እግሬን ካጣሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሁለት ገዝቼ አንድ ተጫምቻለሁ። ሴትዮ፣ የት ነበርሽ?»

ካልደፈረሰ አይጠራም እንደሚባለው፣ ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ጠራ። ግራ የሚፈልጉ ሲበዙ ቀኝ የሚፈልጉም መጡ። እትዬ ግራም አንድ ጥንድ ገዝተው ግራውን ለአንዱ፣ ቀኙን ለሌላው መላክ ጀመሩ። በመዝገባቸው ላይ የእያንዳንዱ ሰው እግር፣ ቁጥርና ምርጫ ከጥንዱ ጎን ለጎን ይጻፋል። ሹፌሩን ያጣመሯቸው ቁጥር አርባ ሁለት ቀኝ ከሚጫሙ ሰዓት ጠጋኝ ጋር ነበር። ሁለቱ ተያይተው ሳያውቁ በቀለም ተጣሉ፤ ሹፌሩ ቡናማ፣ ሰዓት ጠጋኙ ጥቁር ካልሆነ ብለው። አንድ ዓመት ቡናማ፣ አንድ ዓመት ጥቁር ተብሎ በእትዬ ግራ ሽምግልና ታረቁ። ዛሬ መዝገቡ ላይ አምስት መቶ ሰባ ጥንድ ሰዎች አሉ።

ያላጣመሯት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ሃምሳ ስድስት ዓመት በሞላቸው ጊዜ አንዲት የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ስለ ስድስት ዓመት ልጇ ጻፈችላቸው። ልጅቷ የምትጫማው ግራ ብቻ ሲሆን ቁጥሯ ሃያ ዘጠኝ ነበር። ትልቅ ሰው አንዴ ከተጣመረ ተጣመረ፤ ልጅ ግን ታድጋለች። ከእሷ እኩል የምታድግ፣ ቀኝ የምትጫማ ልጅ ከየት ትምጣ? እትዬ ግራ ግን «ጥንድ እስካገኝልሽ ባዶ እግርሽን አትቆዪም» ብለው ጥንዱን ገዝተው ግራውን ላኩ፤ ቀኙን ኋላ ክፍል ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡ። በሚቀጥለው ዓመት ሠላሳ፣ ከዚያ ሠላሳ አንድ እያለ፣ ባለፈው ዓመት ሠላሳ አምስት ደረሰ። መደርደሪያው ላይ ሰባት ያልተጫሙ የቀኝ ጫማዎች ከትንሽ ወደ ትልቅ ተሰለፉ። መደርደሪያውን የሠራው ታናሽ ወንድማቸው ሲሆን፣ እየሠራም «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ነው የሠራው።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸውን ታመው ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሞቹ ደረጃ እንዳይወጡ ስለከለከሉ፣ ወንድማቸው ኋላ ክፍሉን መኝታ ሊያደርግላቸው ባዶ አደረገው። ልጃቸውም «እማዬ ከእንግዲህ አትችልም፣ እኔም ሥራ አለኝ» ብላ ሱቁን ልትዘጋ ወስና ነበር። ስለዚህ ወንድምየው መደርደሪያውን ፈታታና ሰባቱን ጫማ በጆንያ አድርጎ የቆሻሻ መኪና ከሚያነሳበት ቦታ አስቀመጠ። እትዬ ግራ ቤት ሲገቡ አዲሱን ቀለም አላዩም፣ አልጋውንም አላመሰገኑም። «ቀኞቹስ?» አሉ። ወንድማቸው ሲንተባተብ አዩት። «አንተ፣ የመጣኸው እኔን ልታስታምም ነው ወይስ የልጆች ጫማ ልትቀብር?»

በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሮጠ። መኪናው ሄዷል። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ደርሶበት ከላይ ወጣና፣ ሠራተኞቹ እየሳቁበት እስከ ክርኑ ገባ። ሰባቱንም አገኛቸው። ባለቤታቸው አንድ በአንድ በሳሙና አጥበው መስኮት ላይ አሰጧቸው፤ ወንድማቸውም መደርደሪያውን ከአልጋቸው ትይዩ መልሶ ሠራ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ በሽታቸው ሲጠየቁ መልሳቸው አጭር ነበር። ጭንቀታቸው እነዚያ ጫማዎች ነበሩ። «እኔ ብሄድ ይጥሏቸዋል» ይሉ ነበር፤ ልጃቸው በሰማች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከአንድ አባት መልእክት መጣ። የስድስት ዓመት ወንድ ልጁ በአደጋ ግራ እግሩን አጥቷል። ቀኝ ይፈልጋል፤ ቁጥሩ ሃያ ዘጠኝ ነው። መልእክቱን ጮክ ብላ ያነበበችላቸው ልጃቸው ናት። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ሁሉም ወደ መደርደሪያው ዞሩ። ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣ እስከ ሠላሳ አምስት። ያ ልጅ እስኪያድግ ድረስ የሚጫማው ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቀው ነበር።

ሃያ ዘጠኙ በዚያው ቀን ተላከ። ሠላሳ ሁለቱ በክር የተጠለፈ አበባ ስለነበረበት፣ ለወንድ ልጅ አይሆንም ተብሎ ወንድማቸው በምላጭ ክሩን እየለቀመ ፈታው፤ እንባው እያስቸገረው ሁለት ሰዓት ፈጀበት። እትዬ ግራ ደግሞ በቀሩት ስድስት ሳጥኖች ላይ የልጁን አድራሻና የሚላክበትን ወርና ዓመት በእጃቸው ጻፉ። የመጨረሻው ሳጥን ላይ ያለው ወር ገና ስድስት ዓመት ይቀረዋል። ልጃቸው ይህን አይታ «እማዬ፣ ያኔ ይኼን የሚልከው ማነው?» አለቻቸው። «አድራሻውን ጽፌዋለሁ፤ የሚልከውን አንቺ ጻፊ» አሏት። እሑድ ዕለት መዝገቡን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሱቁ አልተዘጋም።

እትዬ ግራ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በዚያው ኋላ ክፍል፣ ቤተሰባቸው ከብቦአቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ ጥፋቱን የሚያምን ታናሽ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ ክራንቻቸውን ይዘው በመካከላችሁ የቆሙትን ብዙ ደንበኞቻቸውን ትተው አልፈዋል። ሹፌሩና ሰዓት ጠጋኙም ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኝተው ጎን ለጎን ቆመዋል። እታለም፣ ደክመሻልና ዕረፊ። የሰውን ችግር ሰምተሽ እንዳላለፍሽ፣ ፈጣሪም የአንቺን ነፍስ ሰምቶ አይለፋት፤ በብርሃን ቤቱ ያሳርፋት። ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።

በመጨረሻ፣ ራሳቸው «ሰው የሚሰበሰበው ያን ቀን ነው፤ ሳይበተን አንብቡልኝ» ብለው ያዘዙት መልእክት አለ። የልብስ አጣቢዋ ልጅ አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ወር ሠላሳ ስድስት ገብታለች፣ ጥንድም የላትም። ቀኝ ብቻ የምትጫማ፣ ቁጥሯ ሠላሳ ስድስት የሆነ ልጅ የምታውቁ፣ እባካችሁ ሳትነግሩን አትሂዱ። ልጃቸው መዝገቡን ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች።