ድምፅ የሌለው አውድማ

ደባርቅ፣ ጥር 18፣ ሐሙስ

ንዴቴ አልበረደልኝም። የዩኒቨርሲቲያችን ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በለው፣ ጥናት በለው፣ ቪዲዮ በለው፣ የሌለው ነገር የለም እያልኩ ለመጣው ሁሉ የማወራው እኔ ነኝ። ዛሬ ይህን የሰሙ አንድ ሽማግሌ፣ አያ ሙላት፣ መጡ። ለፓርኩ ሲባል ከመንደራቸው ከጊች ተነሥተው ከተማ ከገቡ ወዲህ በሬም እርሻም የላቸውም።

«ያኔ ጊች ሳለን ተማሪዎች ገብስ ስናበራይ ቀርጸውን ነበር። ወንድሜም አለበት፤ ነፍሱን ይማረውና» አሉኝ።

ፈልጌ ከፈትኩላቸው። በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ወንድምየው እየዘፈነ ይነዳቸዋል፣ ድምፅ ግን የለም። ፋይሉ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ድምፁ ጠፍቷል። አስተካክሉት ብዬ ለኮምፒውተር ክፍሉ ስንት ጊዜ ጻፍኩ! «ምስሉ ይታይ የለም እንዴ?» ነው መልሳቸው።

አያ ሙላት ትንሽ አዩና የወንድማቸውን አፍ እየተከተሉ ዘፈኑን ራሳቸው ያወጡት ጀመር። ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። ተማሪዎቹ ሁሉ ቀና አሉ።

እኔስ? እንደ ልማዴ ሮጬ ሄጄ፣ «አያ፣ እዚህ መጮኽ ክልክል ነው» አልኳቸው።

«ይቅርታ ልጄ» ብለው ዘፈኑን አቋረጡ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም።

ስልኬ እኮ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ መቅዳት ነበረብኝ።