ከምግብ አሠራር መጻሕፍት ጀርባ ስለተገኙት አሥራ አንድ መጻሕፍት

ለተከበሩ የመጻሕፍት መደብሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብዎስ? ስብሰባውስ አለቀልዎ? ይህን የምጠይቀው ሦስት ቀን ቢሮዎ ተመላልሼ፣ ጸሐፊዎ ሦስቱንም ቀን ስብሰባ ላይ ናቸው ስላለችኝ ነው። ጋዜጣ እንደሚያነቡ ሰምቼ በዚሁ ልምጣብዎ ብያለሁ። እኔ ባለፈው ሐሙስ ያባረሯት ሻጭ አባት ነኝ። ነገር በቁጥር ካልሆነ አይሆንልኝምና ይታገሡኝ።

1ኛ. ስለ ገለልተኝነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። በሩ ላይ «የሁሉም ሐሳብ ቤት» ብለው አጽፈዋል። እርስዎ የሚደግፉት ፓርቲ ሰዎች የጻፉት ሁሉ መስታወቱ ላይ ተደርድሮ፣ የተቃዋሚዎቹ ግን ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ፣ ከከብት እርባታ መጻሕፍት ሥር መሆኑ የቦታ ጥበት እንጂ ሌላ ነገር እንዳይደለ ይገባኛል።

2ኛ. ስለ ደንበኞችዎም አመሰግናለሁ። ባርኔጣቸውን የማያወልቁት ጡረተኛ የማይወዱት ሰው ፎቶ ያለበትን መጽሐፍ ሁሉ በሆዱ አስተኝተው ይሄዳሉ። አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ደግሞ የሌላውን ወገን መጽሐፍ በራሳቸው ወገን መጽሐፍ ሸፍነው፣ ምንም ሳይገዙ ይወጣሉ። ልጄ መደብሩ ከመዘጋቱ በፊት እየዞረች ሁሉንም ታቃናለች። የእርስዎንም፣ የነዚያንም። ማታ ልወስዳት ስመጣ፣ የማን ነው ብላ ስትመርጥ አንድም ቀን አላየኋትም።

3ኛ. ሐሙስ ዕለት አሥራ አንድ የእርስዎ ወገን መጻሕፍት እሷ በምትይዘው ክፍል፣ ከምግብ አሠራር መጻሕፍት ጀርባ ተወሽቀው አገኙ። ማን አደረገው ብለው ራስዎን አላደከሙም። ደንበኛ እያየ ባጇን ከአንገቷ አስወልቀው «ፖለቲካሽን እቤትሽ ሄደሽ ሥሪ» አሏት። ለፍጥነትዎ ምስጋና ይገባዎታል።

4ኛ. መጻሕፍቱን የወሸቅኳቸው እኔ ነኝ።

በዚያው ሐሙስ ልጄ ምሳ እስክትወጣ ጠብቄ ነው። አሥራ አንዱንም በእጄ። አንዱንም ገልጬ አላነበብኩም። እውነቱን ለመናገር አገር ያዳንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ባጇን ሲቀበሏትም እዚያው ነበርኩ፤ መዝገበ ቃላቱ መደርደሪያ ጋ ቆሜ፣ ቃል የምፈልግ መስዬ ገጽ እገልጥ ነበር። መሀላችን አሥር እርምጃ አይሞላም። እግሬ እንቢ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ ወደ በሩማ ወስዶኛል።

እራት ላይ እናቷ ማን አድርጎት ይሆን ብላ ስትጠይቃት፣ «ማንም ይሁን፣ ልጅ የሌለው ሰው ነው» አለች። እኔ ጨው አቀበልኳት።

5ኛ. ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ፦ ልጄን ወደ ሥራዋ ይመልሱልኝ። ባጇንም በወሰዱበት ቦታ፣ ሰው እያየ ይስጧት። እኔን ደጃፍዎን እንዳልረግጥ ይከልክሉኝ፤ ፎቶዬን በሩ ላይ ቢለጥፉትም አልቀየምም።

6ኛ. ይኼን ልረሳው ነበር። መስታወቱን አንድ ቀን ወጣ ብለው ከመንገዱ ማዶ፣ በሩ ላይ ካጻፉት ጋር አስተያይተው ይዩት።

ለእርስዎ የሚገባውን አክብሮት፣ ለራሴ ደግሞ ቀና ብዬ ሰው እንዳላይ ያደረገኝን እፍረት ይዤ፣ እጅ ነስቼ እሰናበትዎታለሁ።

የሻጯ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት አነበበችው። እርስዎ ይቅርታ ከጠየቋት ሰኞ ሥራ እንደምትገባ ነገረችኝ። የእኔን ገና አልወሰነችም። ሳስበው ደግሞ እርስዎ ከእኔ ይሻላሉ፤ ቢያንስ ያዋረዷት ፊት ለፊቷ ቆመው ነው።