ያስቀረሁብሽ ቀጠሮ

ጥሩወርቅ፣

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀረው። ይህን የምጽፍልሽ ጎንደር፣ ጥርስ ክሊኒክ፣ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው። መቀመጥ አቅቶኝ ሦስቴ ተነስቻለሁ። ካርድ የምታወጣው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ይረጋጉ እንጂ፤ ጥርስዎ አይሸሽም» ብላኛለች።

ቤቱ እንደነበረ ነው ልልሽ አልችልም። የጓሮውን ግድግዳ ዝናብ ስለገፋው በብሎኬት አሠራሁት። ልጃችን መቅደስ ዳባት ተመድባ ታስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደባርቅ ትመጣለች፤ ወጥ ሠርታልኝ፣ ተቆጥታኝ ትመለሳለች። ቁጣዋ ያንቺው ነው። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ፤ እሱም አላስተኛኝም።

ባለፈው ወር ቆሎ ስቆረጥም አንዱ የታች መንጋጋ ጥርሴ ተሰነጠቀ። ቅርንፉድ ነከስኩ፣ በአረቄ ተጉመጠመጥኩ። ጉንጬ ሲያብጥ መቅደስ እየጎተተች እዚህ አመጣችኝ። ሐኪሙ ያኔ ለአንቺ የተነገረሽን ነገረኝ፤ ጥርሱ አይነቀልም፣ የሥር ሕክምና ይደረግለታል። ከፍቶ የሞተውን ነርቭ አወጣ፣ ሥሩን አጠበ፣ በጊዜያዊ ሙሌት ደፈነው። በሳምንቱ እንድመለስ አዘዘኝ። በማግስቱ ሕመሙ የለም።

አንቺም እንዲሁ ነበርሽ። ከዚሁ ክሊኒክ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ግማሽ ፊትሽ ደንዝዞ፣ ሳቅሽ ወደ አንድ ወገን ተንጋዶ፣ «ዛሬ በግማሽ ነው የምስቅልህ» አልሽኝ። ቀጠሮሽ የገብሳችን ደቦ ቀን ላይ ዋለ። አሥራ ሁለት ሰው ጠርተናል። ለደቦው ማን ያበስላል፣ ሕመሙ እንደሆነ ለቆሻል፣ ገብሱ ሲገባ ትሄጃለሽ አልኩሽ። እሺ አልሽ። ገብሱ ገባ፣ ባቄላው ተተካ። በወሩ መግሉ ከጥርስሽ ወደ ታች ወርዶ፣ አንገትሽ አብጦ ትንፋሽ አጠረሽ። ጎንደር የደረስነው ዘግይተን ነው።

ዘንድሮም ቀጠሮዬ ከደቦው ጋር ገጠመ። ዛሬ ነው። ማልጄ ሰዎቹን አውድማው ላይ ተቀበልኩ፤ በሬዎቹ ማበራየት ሲጀምሩ ልሄድ ነው አልኳቸው። ተንጫጩ። ጎረቤታችን አያ ሙላት መንሹን ተደግፎ፣ «ደቦ ጠርቶ የሚጠፋ አባወራ ዛሬ ገና አየሁ! ያምሃል?» አለኝ።

አሁን አያመኝም አልኩት።

«ታዲያ ሐኪሙ ነው እንዴ የታመመው?»

አውድማው በሳቅ አለቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም። እጄ ነዶ አንስቶ ነበር።

«ጥሩወርቅንም ከሐኪም ቀጠሮዋ ያስቀረኋት እንዲህ ብዬ ነው» አልኩ።

እነዚህ የቀበሩሽ ሰዎች ናቸው። ምን ነካት ሲሉኝ፣ ድንገተኛ ነው፣ እግዜር ጠራት ያልኩት ለእነሱ ነው። አያ ሙላት ነዶውን ከእጄ ተቀበለኝ። «ሂድ በል» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። «እኛ አለን።»

እዚህ መቀመጥ ያቃተኝ መርፌውን ፈርቼ አይደለም። መቅደስ ያስቀረሁሽ እኔ መሆኔን ገና አልሰማችም። ወሬው ቀድሞኝ ዳባት እንዳይደርስ ብዬ ዛሬውኑ ስመለስ እዚያ እወርዳለሁ። ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ልክ ናት፣ ምንም ብትል።

በሙት ዓመትሽ ሰው ይሰበሰባል፤ ደግነትሽን ያነሳሉ፣ እኔም አነሳለሁ። ግን እስካለሁ ድረስ ስላንቺ ለጠየቀኝ ሁሉ እንደሆነው እናገራለሁ፤ መዳን ትችል ነበር፣ ቀጠሮም ነበራት፣ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።