ከተራ ቁጥር ሰባት ሥር ያልወጣው አስተያየቴ

ለተማሪዎች ውጤት መመዝገቢያ ሶፍትዌር አዘጋጅ ድርጅት
የአጠቃቀም መመሪያ ክፍል

የተከበራችሁ የክፍሉ ኃላፊዎች፣ ጤናችሁ እንደ ድረ ገጻችሁ ቀለም የደመቀ፣ ዕድሜያችሁም አስተያየቴን በግምገማ ላይ እንዳቆያችሁበት ጊዜ የረዘመ ይሁን።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት በሰፈሬ ትምህርት ቤት ውጤት በመመዝገብ ሳግዝ፣ ድረ ገጻችሁ ላይ ያለውን መመሪያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ስለመኖሩ፣ ጸሐፊውን ጨምሮ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። የምጽፍላችሁም በሚከተሉት ምክንያቶች ነው።

አንደኛ፣ ተራ ቁጥር ሰባት ያለፈውን ዓመት ውጤት አጽዱ ይላል፤ ተራ ቁጥር ስምንት ደግሞ የውጤቱን መጠባበቂያ ቅጂ ያዙ ይላል። ይህ ሰሌዳውን አጥፍታችሁ ስታበቁ በሰሌዳው ላይ ያለውን ገልብጡ ብሎ ተማሪን እንደ ማዘዝ ነው። ከገጹ ግርጌ ስሕተት ያየ ሰው እንዲነግራችሁ የሚጋብዝ፣ የተጻፈውም ተገምግሞ ከተራ ቁጥሩ ሥር የሚወጣበት ሣጥን ስላስቀመጣችሁ ሁለቱ ተራዎች ቦታ ይለዋወጡ ብዬ ጻፍኩ። ውድ አስተያየቴ እንደደረሳችሁና በግምገማ ላይ እንደሆነ የሚገልጽ ኢሜይል በዚያው ደቂቃ ላካችሁልኝ። እነሆ አሥራ አራት ወር ሞላው። እኔ የስልሳ ተማሪ ፈተና በሦስት ቀን አርሜ እመልስ ነበር፤ ለካ ችኩል ኖሬያለሁ።

ሁለተኛ፣ ግምገማችሁ ለሁሉም ጥብቅ ነው እንዳልል፣ የወጡትን አስተያየቶች አይቻቸዋለሁ። አንዱ የፀጉር ቅባት ይሸጣል። ራሱን «ብቸኛው አንበሳ» ያለ ተጠቃሚ ደግሞ ውጤቱ ሁሉ እንደጠፋበት ገልጾ መፍትሔ ያገኘ ካለ ይጠይቃል። ማንም አልመለሰለትም፤ ሃያ ሁለት ሰዎች ግን አውራ ጣታቸውን ቀስረውለታል።

ሦስተኛ፣ በሌላ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የተቀጠረች የቀድሞ ተማሪዬ ባለፈው ወር ተራ ቁጥር ሰባትን እንደተጻፈው ፈጸመች። የስምንት መቶ ተማሪዎች ያለፈው ዓመት ውጤት ጠፋ። አሁን በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ልትቀርብ ነው፤ ከሥራ ልትሰናበትም ትችላለች። እቤቴ መጥታ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ የነገረችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ቲቸር፣ እኔ እኮ የተጻፈውን ነው ያደረግኩት።» የተጻፈውን በትክክል እንድታነብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ለማውቃቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ሁሉ ስልክ መደወል ሲገባኝ፣ በእናንተ ገጽ ለሁሉም ይደርሳል ብዬ አመንኩ።

አራተኛ፣ ተማሪዬ የምትሠራበት ትምህርት ቤት ለእናንተ አቤት ባለ በማግሥቱ ሁለቱን ተራዎች ልክ እኔ እንዳልኩት አለዋወጣችኋቸው፤ ለጥራት ሲባል በሚል የአስተያየት ሣጥኑን ዘጋችሁት፤ ከዚያም መመሪያችሁ ትክክል እንደሆነና ጥፋቱ የሠራተኛዋ እንደሆነ ለኮሚቴው ጻፋችሁ። መልስ የሚገለብጥ ተማሪ በየዓመቱ ይዣለሁ። ገልብጦ ሲያበቃ የገለበጠበትን ልጅ ወረቀት የሚቀድ ግን እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ፤ በስተርጅና አዲስ ነገር ስላሳያችሁኝ አመሰግናለሁ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ኮሚቴው ሐሙስ ከመሰብሰቡ በፊት አስተያየቴን ከተላከበት ቀን ጋር በቦታው አውጡት።

ለተጠቃሚ ድምፅ ያላችሁን ፍቅር ከሩቅ የሚያደንቅ፣ ገምግማችሁ እስክትጨርሱ በሕይወት ለመቆየት የሚጣጣር፣

ታዛዣችሁ
ጡረተኛው የሒሳብ መምህር

ማስታወሻ፦ በድርጅታችሁ ሥራውን ጠንቅቆ የሚሠራ አንድ ሠራተኛ አግኝቻለሁ፤ እሱም በራሱ ጊዜ ኢሜይል የሚመልሰው ማሽን ነው። ያን ጊዜ አስተያየቴ እንደደረሳችሁ የሚገልጸውን ኢሜይል ሲልክልኝ የጻፍኩትን ሁሉ ከነተራ ቁጥሩ፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ አንዲት ቃል ሳያጓድል ገልብጦልኛል። አትሜዋለሁ፤ እናንተ ዝም ካላችሁ ሐሙስ ከተማሪዬ ጎን ቆሜ ለኮሚቴው አነብበዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ማሽኑን እባካችሁ እንዳታሻሽሉት።