የጋሼ ወልደ ማርያም ቁጥር

የሺዬ፣ አባትሽ ጋሼ ወልደ ማርያም የሠሩበትን የድሬን አሮጌ የባቡር ጋራዥ ገብቼ አየሁልሽ፤ ግን ግራ ገብቶኛል። እኛ አዳማ ቢሆን ይኼን ሁሉ ብረት ቁራሌ ይጨርሰው ነበር፤ እዚህ ጡረተኛው አቶ ሰይፈ ሚካኤል የቆመ ባቡር ዛሬም ግሪስ ይቀባሉ። በሩ ላይ ሰሌዳ አለ፤ ሠራተኛ ሲገባ ቁጥሩ የተጻፈበትን ብረት ይሰቅላል፣ ሲወጣ ያነሳል። የጋሼ 112 እንደተሰቀለ ነው! ያኔ ታመው በቃሬዛ ሲወጡ ሳያነሱት ቀሩ።

«ወልዴ ሥራ ላይ ነው» አሉኝ ጡረተኛው።

«ኧረ አርፈዋል!» ብላቸው፣

«እሱን ለቄሱ ንገሪ፤ እዚህ ገና አልወጣም!» ብለው ተቆጡኝ።

ቁጥሩን ለምኜ ላምጣልሽ ወይስ እዚያው ይቆይ? እኔ እንጃ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ከጠየቁሽ፣ ጋሼ ሥራ ላይ ናቸው።

ዲና