የፎቶ ቤቱ ጫማ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ የምግብ ፍላጎትሽ እንዴት ነው? እኅትሽስ ደህና ናት? መነጽርሽ ተሠርቶ መጣልሽ ወይስ አሁንም ክንድሽን እስከ ጫፉ ዘርግተሽ ነው የምታነቢው? እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ ሰውነቴ ደህና ነው። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትልቁ ቁመቱ በሩን ሊደርስበት ምንም አልቀረው፤ ትንሿ እንዳንቺው ነገር አትረሳም። ባለቤቴ እጅ ነስቷል። ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ሲለምነኝ ስለዋለ ሰላምታውን ከነልመናው ተቀበይልኝ።

ሰላምታው ይበቃናል። ተናድጃለሁ እማዬ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን ዐውቅሻለሁ፣ ነገሩ ሲጠብሽ አይሰማም አይሰማም ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት አይዘጋም። ብትቀጂውም አንብበሽ ነው የምትቀጂው።

የአባቴን ፎቶ ላኪልኝ ብዬ የለመንኩሽ ለምን እንደሆነ ነግሬሻለሁ። የጫማ ፋብሪካችን የተመሠረተበትን ቀን ሊያከብር ነውና መግቢያው ኮሪደር ላይ ሰው በየዘመኑ ያደረገውን ጫማ በፎቶ እናሳይ ተባለ። የሹም ጫማ የለ፣ የሙሽራ ጫማ የለ፤ ተራ ሰው ለሥራና ለገበያ የተጫማው ብቻ። እያንዳንዱ ሠራተኛ እግር የሚታይበት የድሮ ፎቶ ከቤቱ ያምጣ ተባለ፤ ሰብስባ የምትሰቅለው ደግሞ እኔ ሆንኩ። የመረጠኝ የስፌት ክፍሉ አለቃ ነው። አንቺ ነገረኛ ስለሆንሽ ፎቶውን ሳያመጣ የሚቀር ሰው አይኖርም አለኝ፤ እኔም እንደ ሹመት ተቀበልኩት።

አንቺ ግን ፎቶውን ለመላክ ሦስት ጊዜ አስለመንሽኝ። በመጨረሻ በሁለት ካርቶን መሐል አድርገሽ፣ በሻሽ ጠቅልለሽ፣ ጥጉ እንዳይታጠፍ ብለሽ ላክሽልኝ። ሳልመልስ ብቀር ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ ብለሽ አስማልሽኝ። ያን ጊዜ ምን አለፋት፣ የጠላችውን ሰው ፎቶ እንዲህ የምትንከባከበው ምን ነክቷት ነው ብዬ ሳቅሁ። ሳቄን አሁን እየተናደድኩበት ነው።

ያችን ፎቶ በልጅነቴ ያላየሁበት ወር የለም። ትምህርት ቤት ሲከፈት ጫማ ግዢልኝ ስልሽ መልስሽ አንድ ነበር፤ ያንቺን ጫማ አባትሽ ተጫምቶት ሄዷል ትዪኝና መሳቢያውን ትከፍቺዋለሽ። ፎቶውን አውጥተሽ ጣትሽን እግሩ ላይ ትተክዪያለሽ። እውነትም ጫማ ነበር! ጥቁርና ነጭ፣ አፍንጫው ሹል፣ ክሩ በቅርጽ የታሰረ፣ ፊት የሚያሳይ። ይህን ገዛ፣ ይህን ተጫምቶ ፎቶ ተነሣ፣ ፎቶውን እንድቃጠል በሰው እጅ ላከልኝ፣ በማግሥቱ ከነጫማው ጠፋ ትዪኝ ነበር። እኔ እግሬ ሲያድግ የላስቲክ ጫማዬን አፍንጫ በምላጭ ትከፍቺልኛለሽ፤ ጣቶቼ ወጥተው ይሄዳሉ። የሰፈር ልጆች ምላሷን ያወጣች ይሉኝ ነበር። አንድ ቀንም አላኮረፍኩሽም። ጫማዬን የወሰደውን ዐውቀዋለሁና ኩርፊያዬን በሙሉ ለእሱ አስቀመጥኩለት።

የአባቴን ፊት ግን አላውቀውም ነበር። ጣትሽ ሁልጊዜ ከታች ስለነበር ዓይኔ ወደ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ፋብሪካው በቀጠረኝ ዓመት በር ላይ መጥቶ ያስጠራኝን ቀን ታስታውሻለሽ። ፊቱን ከማየቴ በፊት እግሩን ነው ያየሁት። ከጎማ የተቆረጠ በረባሶ አድርጎ ነበር፤ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። እሰይ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ያ ጥቁርና ነጭ ጫማ የት እንደደረሰ ጠየቅሁት። ሰውየው ግራ ገባው። ወደ እግሩ ጎንበስ ብሎ አየና የምን ጫማ እንደሆነ መልሶ ጠየቀኝ። አስመሳይ! ብዬ ዘበኛውን ጠርቼ አስወጣሁት። ማታ ለአንቺ ስነግርሽ ደግ አደረግሽ አልሽና ጓዳ ገብተሽ የታጠበ ድስት ስታጥቢ ቆየሽ።

ባለፈው ወር እኅቱ ደውላ ታሟል፣ ከአልጋ አይወርድም፣ አንድ ጊዜ አይቼሽ ልሙት ይላል ብትለኝም እግሬን ቢቆርጡኝ አልሄድም አልኳት። አንቺን ምን ይሻላል ብዬ ስጠይቅሽ እንደ ልብሽ አልሽኝ። ልብሽ ምን እንዳለ አልነገርሽኝም፤ ለእኔው ተውሽው።

አሁን ወደ ኮሪደሩ ልምጣልሽ። ፎቶዎቹን በየዘመናቸው ለመደርደር ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ባዶ እግር፣ ቀጥሎ በረባሶ፣ ከዚያ ሸራ ጫማ፣ ከዚያ ላስቲክ፣ ከዚያ ቆዳ ይመጣል ብዬ ነበር። አልሆነም። ባዶ እግሩን የተነሣ ሰው እግሩን ወይ በወንበር ይሸሽጋል፣ ወይ በልብሱ ይሸፍናል፣ ወይ አንዱን በአንዱ ላይ አድርጎ ይቆማል። በረባሶ ያደረገ ሰው ጭራሽ የለም። ከተማው ሙሉ በበረባሶ ሲሄድ እንዳልኖረ፣ ፎቶው ላይ ሁሉም ባለ ቆዳ ጫማ ነው! ጆንያ ተሸካሚው ባለ ቆዳ ጫማ፣ ውሃ ቀጂው ባለ ቆዳ ጫማ። እንዲህ ባለጠጎች ከነበርን ለምን ደኸየን አልኳቸው አብረውኝ ለሚሰቅሉት ሠራተኞች።

እንደዚያ እየቀለድኩ አንዱን ፎቶ ስሰቅል እጄ ቆመ። የማሸጊያ ክፍሏ ሴትዮ አጎት የአባቴን ጫማ አድርጓል። ቀጥሎ የሾፌሩ አባት፣ እሱም ያንኑ። ቀጥሎ የዘበኛው አያት። መጀመሪያ የዘመኑ ፋሽን ነው አልኩ። ከዚያ ቆዳ የምንፈትሽበትን አጉሊ መነጽር አመጣሁ። የግራው ጫማ አፍንጫ ላይ ስፌቱ ተፈትቶ በወፍራም ነጭ ክር በእጅ ተጠልፏል፤ ጥልፉ ተንሻፎ ወደ ውጪ ወጥቷል። ዕድሜዬን ስፌት ላይ ነው የፈጀሁት እማዬ፣ የአንድ ሰው እጅ ሁለት ጊዜ እንዲያ አይንሻፈፍም። በሁሉም ላይ ያው ጥልፍ፣ ያው ቦታ። ግድግዳው ላይ ያሉት ወንዶች በሙሉ የቆሙት በአንድ ጫማ ነው።

ቆዳ ቆራጩን፣ መቀስ የምንለውን ሽማግሌ፣ ጠርቼ ሳሳየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። የፎቶ ቤቱ ጫማ ነዋ አለኝ! አውቶቡስ ማቆሚያው ጎን የነበረው ፎቶ አንሺ ካግዳሚው ሥር አንድ ጥንድ የወንድ፣ አንድ ጥንድ የሴት ጫማ ያስቀምጥ ነበር አለ። የገባ ሁሉ የራሱን ከመጋረጃው ጀርባ ያወልቅና ያንን አድርጎ ይቆማል። የመቀስ የራሱ እግር ስላልገባለት የጫማውን ኋላ ረግጦ ቆሞ፣ እንዳትነቃነቅ ስለተባለ ፎቶው ላይ ሊወድቅ ያለ ሰው መስሎ ወጥቷል። ፎቶውን አመጣውና አየነው፤ እውነትም ሊወድቅ ነው። ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እስኪያመኝ ሳቅሁ። የሴቷ ጫማ ነጭ ነበር፣ ባለ ቀጭን ታኮ፣ በጎን ዘለበት ያለው፣ ብሎ ሲጨምር ሳቄ ቆመ።

ባለ ቀጭን ታኮ፣ በጎን ዘለበት ያለው።

እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። ሳሎኔ ውስጥ የሰቀልኩትን ያንቺን ፎቶ አወረድኩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ በወጣትነቷ እያልኩ የምኩራራበትን። ያው ነጭ ጫማ ነው። ተረከዝሽ ሰፊ ስለሆነ ከታኮው ወደ ኋላ ተርፏል። ከጀርባሽ ያው የተሳለ ሐይቅ፣ ያው የተሳለ ዛፍ። አባቴ የቆመበት ሐይቅ፣ አባቴ የቆመበት ዛፍ።

ስለዚህ ታውቂ ነበር! የማንም አለመሆኑን፣ የተጫማው ሁሉ አውልቆ እንደሚሄድ፣ አንቺ ራስሽ አድርገሽው አውልቀሽዋል። እኔ በተከፈተ ላስቲክ ጭቃ ስረግጥ፣ አባቴ የእኔን ጫማ ተጫምቶ የሚንጎራደድ መስሎኝ ጥርሴን ነክሼ ስተኛ፣ አንቺ ዐውቀሽ መሳቢያውን ትከፍቺ ነበር። ባለቤቴ ውሃ ጠጪ አለኝ፤ ውሃውን አልጠጣሁም።

ከዚያ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ መነጽሩን እንደገና አነሣሁ። የአባቴ ፎቶ ላይ በግራ በኩል መጋረጃው ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ከሥሩ የሁለት ጫማዎች አፍንጫ ይታያል። አንደኛው የወንድ ሸራ ጫማ ነው፣ ጣቱ ላይ የተቀደደ። ሌላኛው የሴት ላስቲክ ጫማ፣ ማሰሪያው ተበጥሶ በሽቦ የታሰረ። ያንን ሽቦ የማላውቀው መሰለሽ? ልጅ ሳለሁ ዓለሜ በሙሉ ከቀሚስሽ ጫፍ በታች ነበር፤ ያ ሽቦ ስንት ጊዜ ጉንጬን ጭሮኛል። ፎቶው በሰው እጅ አልመጣልሽም። እሱ ሲነሣ አንቺ ነጩን ጫማ አድርገሽ ፊት ለፊቱ ቆመሽ ተራሽን ትጠብቂ ነበር። ፊቱንም ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየሁት። ካሜራውን አያይም፤ ትንሽ ወደ ጎን ነው የሚያየው፣ ሳቁን እያፈነ ነው። የሚያስቀው ነገር ከካሜራው አጠገብ ነበር።

እንግዲህ ንገሪኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ያ ሰው ለምን ሄደ? ሥራ ፍለጋ ልከሽው ነው? ተጣልታችሁ ነው? ሌላ ሴት አግኝቶ ነው? አንቺ ነሽ ያባረርሽው? የትኛውንም ብትነግሪኝ እችለዋለሁ፤ አርባ ዓመት አልፎኛል፣ ልጅ አይደለሁም። ጫማ ግን አትበይኝ። ጫማ በመሥራት ነው እንጀራዬን የምበላው፣ ጫማ ሰውን እንደማይወስድ ዐውቃለሁ። ጠብሽ የራስሽ ነበር፤ ለምን እኔ እንድሸከመው አደረግሽ? ለምን በዚያ በር ላይ ያንን ጥያቄ እንድጠይቀው አደረግሽኝ? ሽማግሌ ሰውዬ ወደ እግሩ ጎንበስ ብሎ የሚያየው ሳያገኝ፣ እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ተመለስኩ። ይህን አልረሳልሽም።

እሁድ እሱ ዘንድ እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት እውነቱን ካንቺ መስማት ነበር ሐሳቤ፣ ዓይኑን ሳየው ምን ብዬ እንደማየው እንዳውቅ። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ መንገዱን ልጠይቃት ለእኅቱ ደውዬ ነበር። አሁን ተመልሼ ነው የምቀጥልልሽ።

እኅቱ እሁድ እመጣለሁ ስላት አለቀሰችና ስልኩን ለእሱ ሰጠችው። ድምፁ ቀጥኗል፣ ግን ይሰማል። ይወቅሰኛል፣ ወይ ይቅርታ ይለኛል፣ ወይ ስለ በሩ ያነሣብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አላነሣም። ልጆቼ ደህና መሆናቸውን ጠየቀኝ፤ ትንሿን በቤት ስሟ ጠራት። ቀጥሎ ያንቺ ጉልበት እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። የእኅትሽ ቤት ደረጃ እንደከበደሽ፣ ቅባቱ እንዳልበጀሽ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ ብትባዪ እሺ እንደማትዪ እየነገረኝ እኔ እንድመክርሽ አደራ አለኝ።

ጉልበትሽን ያመመሽ አምና ክረምት ነው። እኔ ለማንም አልተናገርኩም። እኅትሽ እንኳ ስሙ ሲነሣ ቤቱን ለቅቃ ትወጣለች።

እመክራታለሁ አልኩት።

ያቀረብኩልሽን ጥያቄ ሁሉ ልሰርዝ ነበር፤ ተውኩት፣ ብታነቢው ይሻላል። መልስ አትጻፊልኝ። የላክሽልኝን የአባቴን ፎቶ ግን አልመልስልሽም። ጡትሽ ይፋረደኝ እንጂ አልልክልሽም። እሁድ እሱ ዘንድ ይዤው እሄዳለሁ፤ ከፈለግሽው እዚያው መጥተሽ ውሰጂው። ቤቱ የት እንደሆነ አልጻፍኩልሽም፤ መጻፍ ያለብኝ አልመሰለኝም።

ለእኅትሽ ሰላም በያት። ፈጣሪ ለጉልበትሽ ብርታቱን ይስጥልኝ፣ በሰላም ያገናኘን፣ የምቆጣውንም ሰው አያሳጣኝ።

የተናደደችው ልጅሽ